የአማት ክፍል

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 8 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለሸጊቱ፤

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ባልሽ ደሞዜስ እንዴት ነው? እኔ የአዲስ አበባን ብርድ ካልቆጠርነው ደህና ነኝ። ደብዳቤሽ ዘግይቶ ነው የደረሰኝ። ሹፌሩ ማሩ ኪሱ ውስጥ አሽቶ አሽቶ፣ ሲሰጠኝ ግማሹ ላብ ግማሹ ናፍጣ ይሸት ነበር። ቢሆንም ደጋግሜ አነበብሁት።

ቦታ በመመራታችሁ እንዴት እንደተደሰትሁ ልነግርሽ አልችልም። ክረምት ሳይገባ ቤቱ ካልቆመ ማዘጋጃ ቤቱ ቦታውን መልሶ ይወስደዋል ያልሽውን ሳነብ ዕለቱን እርሳሴን አነሣሁ። የሰው ቤት ስነድፍ ዓመታት አልፈውኛል። ለገዛ እናቴ ስነድፍ ግን አንዱን መስመር ሦስቴ አጠፋሁት፤ አትሳቂብኝ።

«ስንት ክፍል ይበቃናል?» ላልሽኝ፣ ቤተሰቡ ሦስት ነው፦ አንቺ፣ ደሞዜና እምዬ። ሦስት ክፍል ይበቃል፤ ከዚያ የሰፋ ብርድ መጥራት ነው። በስተቀኝ ሳሎን፣ በስተግራ የእናንተ መኝታ፣ እምዬ መሀል። ከቤቱ ሁሉ የሚሞቀው መሀሉ ነውና ሆን ብዬ ነው። ደግሞ ብቸኝነት አይሰማትም፤ ወደ መኝታችሁ የምታልፉት በእሷ ክፍል ስለሆነ ማታ ማታ «ደህና እደሪ» ትሏታላችሁ፣ እሷም ትመርቃችኋለች። ይህን አሳቤን አለቃዬ ሳይቀር አድንቆልኛል።

አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። እምዬ እናንተ ዘንድ ልትከርም መጥታ ሳትሰናበት ወደ ቤቷ ወደ ጋፋት ተመለሰች ያልሽው ምን ማለት ነው? ዓይኗ እንዲያ ደክሞ ያን መንገድ ብቻዋን? የምትኖሩበት የቀበሌ ቤት አንድ ክፍል ስለሆነ ጠቧት ይሆናል ብያለሁ። እንግዲህ በአዲሱ ቤት ምክንያት የላትም። አሳዪያትና ምን እንዳለች ጻፊልኝ።

ወንድምሽ ሙሉሐብት


ደብረ ታቦር፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለሙሉሐብት፤

ወንድምዓለም፣ ሰላምታዬ በያለህበት ይድረስህ። ፕላኑ ደርሶናል፣ እጅህ ይባረክ። መልሱን ስላዘገየሁ ይቅርታ አድርግልኝ። ትምህርት ቤት ፈተና ነበረብን፤ ደግሞም ምን ብዬ እንደምጽፍልህ ጨንቆኝ ነው።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ጋፋት ወረድሁ። እምዬ ወረቀቱ አይታያትምና በደጇ መሬት ላይ በእንጨት ጫርሁላት። ቁጭ ብላ በጥሞና ሰማችኝ።

«ይኸኛው የማን ነው?»

«ያንቺ።»

«ይኸስ?»

«የኛ መኝታ።»

«እናንተ ታዲያ በየት ነው የምትገቡ?»

«ባንቺ በኩል» አልኋት። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበችና «ልጄ፣ እኔ እዚሁ እሞታለሁ» ብላ ተነሣች። ከዚያ በኋላ ስለ ቤት አንድ ቃል አልወጣትም።

እዚሁ እንዳትል ደግሞ እዚሁ የለም። መንደር ምሥረታው ጋፋት ደርሷል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ጓንጉል ሰውን ሰብስበው፣ ከፋሲካ በኋላ ቤት ሁሉ እየፈረሰ መንገድ ዳር በመስመር እንደሚተከል ተናግረዋል። ጉልበት የሌለው ዘመዱ ዘንድ ይግባ ተብሏል። እምዬ ጉልበት የላት፣ ከእኛ ሌላ ዘመድ የላት። እኛ ጋ ካልገባች ሜዳ ላይ መቅረቷ ነው፤ ይኸን እያሰብሁ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ጠቧት ነው ወይ ብለሃል። አዎ፣ ጠቧት ነው በል። ስለዚህ እባክህ ሰፋ አድርገህ ንደፈው። ደሞዜም ፕላኑን አይቶታል። አየና አጥፎ አስቀመጠው፣ ሥራ አለኝ ብሎም እራቱን ሳይበላ ወጣ።

እህትህ ሸጊቱ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለሸጊቱ፤

እታለም፣ ለልደት እንኳን አደረሰሽ። ሰፋ አድርገው ባልሽኝ መሠረት ሰፋ አድርጌዋለሁ። አምስት ክፍል፣ ከነኮሪደሩ! አሁን ማንም በማንም ክፍል አያልፍም። የእምዬ ክፍል ከእናንተ መኝታ ቀጥሎ ነው፤ ብትታመም በግድግዳው ትሰሟታላችሁ። እናታችን ከመቼ ወዲህ ነው ሰፊ ቤት ካልሆነ የምትለው? ሹመት መጥቶላት ከሆነ ንገሪኝና እልል ልበል።

ቀልዱን ልተወውና ልቤ ውስጥ ያለውን ልንገርሽ። ደብዳቤሽ ደስ አላለኝም። የተጻፈው ሌላ፣ ያልተጻፈው ሌላ። እናቴ ሳትሰናበት ትሄዳለች፤ አማቿ ፕላኗን አይቶ እራቱን ትቶ ይወጣል። እኔ ከዚህ የምረዳው አንድ ነገር ነው፦ ደሞዜ እናቴን ቤቱ ማስገባት አልፈለገም፤ እሷም ፊቱን አይታ ገብቷታል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። አባታችን ቢኖር እንዲህ አትደፈርም ነበር።

እኔ የታላቅነቴን ማድረግ አለብኝ። እስከ ጥር መጨረሻ ቁርጡን ካልነገርሽኝ ለራሱ ለደሞዜ እጽፍለታለሁ። እናቴ ምን አድርጋህ ነው ብዬ እጠይቀዋለሁ። እንግዲህ እንዳትቀየሚኝ።

ወንድምሽ ሙሉሐብት


ደብረ ታቦር፣ ጥር 16 ቀን 1979 ዓ.ም.

ወንድምዓለም፣

በደብረ ታቦሩ ኢየሱስ ይዤሃለሁ፣ ለደሞዜ እንዳትጽፍ! ደብዳቤህ ሲደርሰኝ የሰላምታ ወጉ ሁሉ ጠፋኝ፤ ሳልጠይቅህ ብጀምር ይቅር በለኝ።

ይኸን የምነግርህ ስላስጨነቅኸኝ ነው። ስንቴ ጀምሬ ቀደድሁት። ለወንድሟ እንዲህ ያለ ነገር የጻፈች እህት በአገራችን ያለች አይመስለኝም። አንተም አንብበህ ቅደደው።

እምዬ እኛ ዘንድ ስትመጣ ደሞዜ ለእርሻ ሥራ ሐሙሲት ነበር፤ ወር አልፎት ተመለሰ። ቤታችንን ታውቀዋለህ፤ እሷ መደቡ ላይ፣ እኛ አልጋው ላይ፣ በመካከል እጅ ቢዘረጋ ይደርሳል። ሊነጋጋ ሲል ነው። እምዬ የጧት እንቅልፍ ወስዷታል ብለን ነበር። እኛ ባልና ሚስት ነን፣ ወንድሜ፤ ከዚህ በላይ አታስጽፈኝ። ዕለቱም ለጉዳችን ዓርብ ነበር።

ወዲያው ከመደቡ በኩል «አቡነ ዘበሰማያት» ሲባል ሰማን። ጮክ ብላ አልነበረም። ላለመስማት ብላ ነው የጸለየችው። እስከ መጨረሻው አድርሳ እንደገና ጀመረች፣ ጨርሳ ደግሞ ጀመረች። ደሞዜ ብርድ ልብሱን ፊቱ ላይ ሳበ። እኔ ትራሴን ነክሼ ተኛሁ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እያልሁ። ፀሐይ ወጥታ ቀና ስንል መደቡ ተጠርጓል፣ ቁርበቱ ተጠቅልሎ ጥግ ቆሟል፣ እሷ የለችም።

ከዚያ ወዲህ ደሞዜ ገበያ ውስጥ ከሩቅ ካያት መንገድ ይቀይራል። እሷም እሱ ይኖርበታል ብላ በምታስበው በኩል አታልፍም። እምዬን ታውቃታለህ፤ በአማቿ ፊት ውሃ እንኳ ጠጥታ አታውቅም። አንተ ደግሞ መሀል ላይ አስተኝተህ እኛን በራስጌዋ አሳለፍኸን። ደሞዜ ያን ፕላን ሲያይ ነው እራቱ የቀረው። አሁን የላክኸው ባለ ኮሪደሩ ያምራል፤ ግን ክፍሏን ከመኝታችን ጋር በአንድ ግድግዳ አጣብቀህ «ትሰሟታላችሁ» ትላለህ። አልሸሹም ዞር አሉ ሆነብን።

ሰፋ አድርገው ያልሁህ ሌላ የምለው ቃል አጥቼ ነው። ደሞዜ እናታችንን ጠላ ብለህ አትቀየመው። ቢጠላት ኖሮ መች ያፍር ነበር?

ሸጊቱ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 5 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለሸጊቱ፤

እታለም፣ እንዳልሽው አንብቤ ቀደድሁት። ሳነበው መሥሪያ ቤት ነበርሁ፤ ፊቴ በርበሬ መስሎ አጠገቤ ያለው ልጅ «መርዶ ነው ወይ?» አለኝ። አይደለም አልሁት፤ ምን እንደሆነ ግን ልነግረው አልቻልሁም።

አፈርሁ፣ እህቴ። እናንተ ባልና ሚስት ናችሁ፣ ምንም አላደረጋችሁም። እኔ ነኝ ያፈርሁት። አያታችን፣ የእምዬ እናት፣ ስትመጣ አባታችን ምን ያደርግ እንደነበረ ትዝ አይልሽም? ጎረቤት ውሎ፣ ጎረቤት በልቶ፣ እሷ ስትተኛ ነበር የሚገባው። አንድ ቀን በድንገት በር ላይ ተገናኝተው ሁለቱም ወደ ኋላ ሲሸሹ የወተቱ ቅል ተሰበረ። ይህን እያየሁ ያደግሁ ሰው እናቴን የባልና ሚስት መተላለፊያ ላይ አስተኛኋት። አለቃዬም አደነቀኝ፣ እኔም ኮራሁ። ምክንያቱን ሳጣ ደግሞ ክፍል እጨምራለሁ፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። በዚህ ላይ ደሞዜን አማሁት። ሳያውቅ የበደልሁት ሰው ነውና ይቅርታ የምጠይቅበት መንገድ እንኳ የለኝም።

በግቢው ውስጥ ለብቻዋ ትንሽ ጎጆ ብንቀልስላት አልሁና፣ ቀበሌው «ትርፍ ቤት ነው» ብሎ ይወስደዋል ብዬ ፈራሁ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ ቤት ነው ሕጉ። ስለዚህ ይኸውልሽ ሦስተኛው ፕላን፤ ከሁሉም ትንሹ ይኸ ነው። ጣሪያው አንድ፣ ከሥሩ ጀርባ ለጀርባ የተሰጣጡ ሁለት ክፍሎች። የእናንተ በር ወደ መንገዱ፣ የእሷ በር በወዲያ በኩል ወደ ምሥራቅ። በመካከል ከዳር እስከ ዳር ድፍን ግድግዳ። በር የለውም፣ መስኮት የለውም።

እምዬ ለምን እንዲህ ሆነ ካለች የማዘጋጃ ቤት ደንብ ነው በያት። እኔ ማወቄን እንዳትነግሪያት። ለደሞዜም ቢሆን እንዳትተነፍሺ፤ በኋላ ዓይኑን ማየት ያቅተኛል።

ወንድምሽ ሙሉሐብት


ደብረ ታቦር፣ ግንቦት 22 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለሙሉሐብት፤

ወንድምዓለም፣ ደስ ይበልህ፣ እምዬ ገባች! ዝም ያልሁህ ጭቃ ላይ ከርሜ ነው፤ እጄ እስካሁን ብዕር አይዝልኝም።

ፕላኑን እንደበፊቱ መሬት ላይ ጫርሁላት። በዚህኛው ጊዜ ጎንበስ ብላ በእጇ ዳሰሰችው። የእሷን በር በጣቷ ፈለገች፣ የእኛን በር ፈለገች። «በዚህ መሀል ያለው ምንድን ነው?» አለችኝ። ግድግዳ ነው አልኋት። «ድምፅ ያሳልፋል?» አለች። አያሳልፍም አልኋት። እኔ መሬት መሬት እያየሁ ነው። የማዘጋጃ ቤት ደንብ ነው ብዬ ስቀባጥር ሰማችኝና «የማዘጋጃ ቤት ሰዎች ጨዋዎች ናቸው፣ ይባረኩ» አለች። ሳታውቅብን አልቀረችም፤ ብታውቅም አትናገርም።

ግድግዳውን ደሞዜ ለማንም አላስነካም። ሌላውን ቤት ደቦ ጠርተን ነው የሠራነው፤ ያችን መሀል ግድግዳ ግን ራሱ ድርብ አድርጎ አቁሞ በጭድና በጭቃ ጠቀጠቃት። ሰዎቹ «የእህል ጎተራ ነው ወይስ እስር ቤት?» እያሉ ይስቁበታል፣ እሱ ቀና አይልም። በሯንም ከወፍራም የዋንዛ ሳንቃ አሠራላት፣ መወርወሪያው ከውስጥ። ማንም ሳያስፈቅዳት አይገባም።

የሚኖሩት እንደ ሩቅ ጎረቤት ነው። ጧት «እሜቴን እንዴት አደሩ በያቸው» ይለኛል። ቤቱን ዞሬ ሄጄ እነግራታለሁ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርሳቸውስ በያቸው» ትላለች። ዞሬ እመለሳለሁ። የእናትህና የአማችህ ፖስታ ቤት ሆኜልሃለሁ።

አሁን አሁን መዞሩ እየከበደኝ ነው። ለምን እንደከበደኝ ካልገባህ ያገባ ሰው ጠይቅ። ወሩን ግን እንዳትቆጥር፣ አደራህን።

እህትህ ሸጊቱ


አዲስ አበባ፣ ነሐሴ 18 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለሸጊቱ፤

እታለም፣ ሰላምታው ይቆየን። ማሩ ዛሬ ከደብረ ታቦር ገባ። ወንድ ልጅ መገላገልሽን ነገረኝ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ወሩንም አልቆጠርሁም። ግን ሌላም ነገር አመለጠው። የቤታችሁ መሀል ግድግዳ በመጥረቢያ ፈርሷል፤ እምዬ ጤና ጣቢያ ተወስዳ ነበር አለኝ። ከዚያ በኋላስ ስለው «እሱን አላውቅም» ብሎ ፊቱን አዞረ። ከዚያ ወዲያ እህል አልቀመስሁም።

አገራችንን አውቃታለሁ። መርዶ በደብዳቤ አይጻፍም፤ «ሁላችንም ደህና ነን» ተብሎ ይጻፍና ሰው ተሳፍሮ ሲደርስ ድንኳን ይጠብቀዋል። ስለዚህ «ደህና ናት» ብትይኝ አላምንሽም። በሕይወት ካለች ራሷ የተናገረችውን፣ ከእሷ አፍ በቀር ከማንም የማይወጣ አንድ ቃል ጻፊልኝ።

ግድግዳው ውስጥ በር ያላደረግሁት እኔ ነኝ። እናቴን ከሰው ዓይን አድናለሁ ብዬ ብቻዋን ዘግቼባት ከሆነ፣ ይህን እጄን ምን አደርገዋለሁ?

ሙሉሐብት


ደብረ ታቦር፣ ጳጉሜን 2 ቀን 1979 ዓ.ም.

ወንድምዓለም፣

እምዬ በሕይወት አለች። አላምንሽም ብለሃልና ሁሉንም በተራ ልንገርህ።

ከወለድሁ ጀምሮ የምታርሰኝ እሷ ነበረች። ደሞዜ ወደ ሥራ ሲወጣ ጠብቃ ቤቱን ዞራ ትመጣለች፤ የመመለሻው ሰዓት ሲደርስ በዚያ ዝናብ ትወጣለች። እስኪያባራ እንድትቆይ ለምኛት ነበር፣ እምቢ አለች። አንድ ቀን ቀረች። ዝናቡ ነው አልሁ። በማግሥቱም ቀረች። እኔ አራስ ነኝ፣ ከደጅ አልወጣም። ግድግዳውን በጡጫ መታሁት፣ ተጣራሁ፤ ምንም የለም። ድምፅ አያሳልፍም ያልኋት ግድግዳ እውነትም አያሳልፍም።

አሁን የምጽፍልህን ለማንም አልተናገርንም። ደሞዜ ያን ዕለት ቤት ነበር። ሂድና አንኳኳ ማለት እኔ አፈርሁ። አማት ብቻዋን ካለችበት በር መሄድ እሱም አፈረ። እናቴ ከግድግዳው ወዲያ ሆና እኛ እየተያየን ረፋዱ አለቀ።

በመጨረሻ ሳልናገር ወጣ። ጆሮውን ከበሯ ላይ ቢያደርግ ስታቃስት ሰማ። በሩ የሚከፈተው ወደ ውስጥ፣ እሷ የወደቀችው ከሥሩ። ልስበረው ቢል ሳንቃው በላይዋ ሊወድቅ ነው። ሮጦ ገባና መጥረቢያውን አነሣ። በገዛ እጁ የጠቀጠቀውን ግድግዳ እያለቀሰ ሲፈነቅለው፣ እኔ ሕፃኑን ታቅፌ አቧራው ውስጥ ተቀምጫለሁ።

አዝሏት በእኔ አልጋ አጠገብ አለፈ። ሻሿ ወልቆ ፀጉሯ ተገልጦ ነበር። ጎረቤት ልሸከም ቢለው አልሰጥም ብሎ፣ በገበያው መሀል በዝናብ አዝሏት ጤና ጣቢያ ደረሰ። የሳንባ ምች ነው አሉ። ሲጀምራት ብትጠራን እንዲህ አይጠናባትም ነበር። እኔ መሄድ ስለማልችል መድኃኒቱን የሰጣት፣ አጥሚቱን በማንኪያ ያጎረሳት እሱ ነው። እሷም ዓይኗን ጨፍና ትጎርሳለች። ዓይንዎን ይግለጡ ቢላትም አልገለጠችም፤ አፏን ብቻ ትከፍታለች።

ከዳነች በኋላ ትናንት ደሞዜ ቀዳዳውን ሊደፍን ጭቃ አቦክቶ መጣ። ከወዲያ በኩል «ይተዉት፣ ልጄ» የሚል ድምፅ ሰማን። ለእሱ ለራሱ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው። ጭቃ የያዘ እጁ እንደ ተንጠለጠለ ቀረ። «በር ያድርጉት» አለችው፤ ነጠላዋ እስከ አፍንጫዋ ወርዷል፣ እሱም እግሩን ነው የሚያይ። ሁለቱም እንዳፈሩ ናቸው፤ ይኸ የሚለቃቸው አይመስለኝም።

በሩን እንግዲህ አንተ ንደፍልን። ስፋቱ ምን ያህል ይሁን ብዬ እንድጽፍልህ እምዬን ጠየቅኋት። ክንዴን ዘርግቼ ልለካ ስል እጄን ይዛ ከለከለችኝ። የእሷን ቃል ላኪልኝ ብለህ የለ? እነሆ፦ «ሰው ያዘለ ሰው የሚያሳልፍ ይሁን በይው።»

እህትህ ሸጊቱ